ኖራ የተቀባ ወንዝ

ወልቂጤ በዞኑ ቢሮ የወንዝ ባለሙያ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊው አንድ ቁልፍ አውጥተው «ላቦራቶሪውን ተረከቢ» አሉኝ። ከፈትኩት። አራት አሮጌ ጎማ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና የተጠቀለለ የመፈክር ጨርቅ አገኘሁ። ጥግ ላይ «ማይክሮስኮፕ» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን ነበር። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት፤ የሻይ ብርጭቆዎች ናቸው። «መሣሪያዎቹስ የት አሉ?» ብላቸው «በዕቅድ ተይዘዋል» አሉ። ማይክሮስኮፑ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዕቅድ እንደተያዘ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው በታች ወዳለ አንድ ወንዝ ወሰዱኝ። ኃላፊው ከመኪናው አልወረዱም። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ከድልድዩ ላይ ተመለከቱና «ጠርቷል፤ ጥሩ ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ሳልገባበት?» አልኩ። «ልጅቷ፣ ውሃ እኮ ነው፤ ምን ልትሆኚ ነው የምትገቢበት?» አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ያነሳሁት ድንጋይ ሁሉ ሥሩ የሚያዳልጥ ዝቃጭ ነው፤ አንድም ሕይወት ያለው ነገር የለበትም። ከላይ በኩል ከብት የሚታረድበት ቦታ አለ፤ ደሙም ፈርሱም ወደዚያው ይወርዳል። «ደካማ» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው ቅጹን አንብበው አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የመጀመሪያዋ ቅጼ የውሃ ሽታ ሆና ቀረች።

የመጣሁት ከደብረ ታቦር ነው። ጉራጌ አገር ማንንም አላውቅም ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ግን ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ስም ወጣልኝ፦ ትል ለቃሚዋ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በኋላ ለመድኩት። ውሸት አልነበረም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የአንድ ትንሽ የጫካ ወንዝ ጤና በመልኩ አይታወቅም። የጠራ ውሃ የሞተ ሊሆን ይችላል፤ ሻይ የመሰለ ውሃም ሙሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የሚጠየቁት ውስጡ የሚኖሩት ናቸው። መቶ እርምጃ ያህል የሚሆን ቦታ ትመርጣለህ። ውሃውን ሳትበጠብጥ ሙቀቱን፣ ኦክስጅኑንና አሲድነቱን ትለካለህ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ትሄዳለህ። የመረቡን አፍ ወደ ወራጁ ታዞራለህ፣ ከፊቱ ትቆማለህ፣ ድንጋዩን በቦት ጫማህ እየረገጥህ ታገላብጣለህ። ከሥሩ የተነቀለው ሁሉ ወደ መረቡ ይገባል። ነጭ ትሪ ላይ ትገለብጠዋለህ፤ በወረንጦ እየለቀምህ በየዓይነቱ ትለያለህ፤ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ትከታለህ። የቦታውን ስም በእርሳስ ነው የምትጽፈው፤ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይጠፋል። ይህን ያላወቀ ባልደረባችን አንድ ክረምት ሙሉ የሰበሰበውን ናሙና የየት ወንዝ እንደሆነ ሳያውቅ ደፍቶታል።

ድንጋይ ላይ የሚለጠፉ፣ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው እጮች ካገኘህ ወንዙ ይተነፍሳል ማለት ነው። ከአሸዋ ቅንጣት ጎጆ ሠርታ ተሸክማው የምትዞር ትል አለች፤ እሷን ካገኘህ ደስ ይበልህ። ሸርጣንም ጥሩ ነው። ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ቀያይ ትሎች ብቻ ከሆኑ ግን ወንዙ ታፍኗል። የጫካ ወንዝ ቀለቡ ከዛፍ የሚረግፈው ቅጠል ነው፤ ቤቱ የወደቀ ግንድና አረንጓዴ ሽፋን የለበሰ ድንጋይ ነው። ይህን በስብሰባ ላይ ሳስረዳ አንድ ኃላፊ እጃቸውን አውጥተው «ቅጠልማ ቆሻሻ ነው» አሉ። ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ለእሳቸው ነው የነቀነቀው።

በቢሯችን ወንዝ ሳያዩ ስለ ወንዝ የሚጽፉ ሰዎች ሞልተዋል። አውቶቡስ ተራ ካለች ቡና ቤት ተቀምጠው፣ ማኪያቶ አዝዘው፣ የአምስት ወንዝ ቅጽ ሞልተው ይነሳሉ። ቦት ጫማቸው ከመጋዘን እንደወጣ ያበራል። አንዱ ከጥር ጀምሮ በደረቀ ወንዝ ውስጥ ሦስት ሸርጣን አገኘሁ ብሎ ጻፈ። «ምናልባት በአውቶቡስ መጥተው ይሆናል» አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

የኔ ቅጽ ጭቃ ነክቶት ነበር የሚመጣው። መዝገብ ቤት ያሉት ሳያነቡት «ይህ የሙሉነሽ ነው» ይሉ ነበር። እኔም በዚህ እኮራ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ባልደረቦቼን ሁሉ እንቅ ነበር። በስብሰባ ላይ «የጠረጴዛ ዓሣ አጥማጆች» እያልኩ እሰድባቸው ነበር። በየወሩ አንድ ሰው ቅር አሰኛለሁ፤ በየወሩም ደስ ይለኛል።

ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ በኩል አንድ ጫካ አለ። ያኔ ዞኑ አልተከፈለም፤ የቡታጅራም ተጠሪነት ለወልቂጤ ነበር። በጫካው ውስጥ የምትወርደው ወንዝ በመዝገብ ስም የላትም፤ ሰዉ «ትንሿ ውሃ» ይላታል። አንድ ቀን ከሌላ ሥራ ስመለስ ሾፌራችንን ሽኩርን አስቁሜ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ መረቤን ይዤ ገባሁ። ትሪውን ስገለብጥ ሳቄ መጣ። ባለ ሦስት ጭራዎቹ፣ ጎጆ ተሸካሚዎቹ፣ ሸርጣኑ፣ ሁሉም አሉ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የሞላ ትሪ አላየሁም።

አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመው ያዩኛል። ሐጂ ሙዘይን ይባላሉ፤ ጫካውን ከአባታቸው ተረክበው የሚጠብቁ እሳቸው ናቸው። የመንደሩ መቃብር እዚያው ውስጥ ነው። ከጫካው እንጨት የሚወጣው ለመቃብር መሸፈኛ ብቻ ነው፤ ለሌላ አንድ ቅርንጫፍ የቆረጠ ሰው ሰባት ዓመት እንደተወራበት ይኖራል። «ምን ትለቅሚያለሽ ልጄ?» አሉኝ። ጎጆ ተሸካሚዋን ትል በወረንጦ አንስቼ አሳየኋቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩዋት። «ሱብሐንአላህ! ይቺ ቤቷን ይዛ ነው የምትሄደው። እንደኛ ነጋዴ ናት» አሉ። ሳቅን። የቆጠርኩትን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ ሄድኩ።

ከዚያ ባለሀብት መጣ። የሚፈልገው ካባ ነው፤ የድንጋይ ማውጫ። ጫካው ከተነሳ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ለመንገድም ለሕንጻም ይሆናል ተባለ። ጉዳዩ ለዞኑ ኮሚቴ ቀረበ። መመሪያው ግልጽ ነበር፤ በጫካው ውስጥ ያለው ወንዝ «ጥሩ» ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቦታው አይነካም። «ደካማ» ከሆነ ጫካው ተጎድቷል ተብሎ ለልማት ይሰጣል። እኔ ደብተሬን ይዤ አዲሱ ኃላፊዬ አቶ ተካልኝ ዘንድ ገባሁ።

አቶ ተካልኝ ሰው ላይ አይጮኹም፣ ሰውም አይጮኽባቸውም። ሁሉንም ነገር በፋይል ነው የሚያዩት። ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና መለሱልኝ። «ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ የደብዳቤ ቁጥር የለውም። ያለ ደብዳቤ የተወሰደ ናሙና ኮሚቴ ፊት ወረቀት አይደለም። ዐሥር ቀን አስቀድመሽ ለቀበሌው ጻፊ፤ ከዚያ ሂጂ።»

ጻፍኩ። «የወንዟን ጤንነት ለመገምገም የዞኑ ባለሙያዎች ስለሚመጡ አስፈላጊው ቅድመ ዝግጅት እንዲደረግ እንጠይቃለን።» ያችን «አስፈላጊው ቅድመ ዝግጅት» የምትል ነገር በሁሉም ደብዳቤ ላይ እጽፋት ነበር። መንገድ የሚያሳይ ሰው ይቁም ለማለት ነው። አስቤባት አላውቅም፤ እጄ ነው የሚጽፋት።

ጉራጌ አገር የኖረ ሰው እንግዳ ይመጣል ሲባል ምን እንደሚሆን ያውቃል። ቤቱ ይለሰናል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ዕቃው ታጥቦ በግድግዳው ላይ ይደረደራል፣ ደጁ ላይ አንዲት ሰበዝ አትገኝም። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ንጽሕና ስገረም፣ በየቤቱ እየገባሁ ስጋበዝ ኖሬያለሁ። ደብዳቤውን ስጽፍ ግን ይህ ነገር በሐሳቤ ውስጥ ውልም አላለም።

በቀጠሮው ቀን ከሽኩር ጋር ደረስን። ከሩቅ ነጭ ነገር አየሁ። «ሠርግ አለ እንዴ?» አለ ሽኩር። ሠርግ አይደለም። ከወንዟ ግራና ቀኝ ድንጋይ ተደርድሮ ኖራ ተቀብቷል፤ ልክ ባለሥልጣን ሲመጣ የአስፋልት ዳር እንደሚቀባው። ሁለት ዛፍ መሐል «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጀማል ኮት ለብሶ ቆሟል። መንደሩ ሁሉ ከኋላው ነው። ሐጂ ሙዘይን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ወደ እኔ መጡ።

«እንኳን በደህና መጣሽ ልጄ። ያን ጊዜ ስትመጪ ደግሞ አሳፍረሽኝ ነበር፤ ቤቴ ሳይጠረግ እንግዳ ገባብኝ ብዬ ስንት ቀን ከነከነኝ። አሁን እይልኝ!»

አየሁ። ቅጠሉ በባለ ጥርስ ሬክ ተጠራርጎ አልቋል። የወደቁት ግንዶች ተጎትተው ወጥተው ዳር ተከምረዋል። ወንዟ ላይ ያዘመሙት ቅርንጫፎች «ፀሐይ እንዲገባ» ተቆርጠዋል። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ተፈግፍገዋል።

«በምንድን ነው ያጠባችሁት?» አልኩ።

«በሽቦ ቡሩሽ» አለች አንዲት ሴት በኩራት፣ እጇን እያሳየችኝ። መዳፏ ተላልጧል። «የልብስ ሳሙናም ጨምረንበታል። ወላሂ፣ የሙሽራ ቤት እንኳን እንዲህ አጥበን አናውቅም። ስምንት ቀን ነው የፈጀብን፤ ሴቱ ድንጋይ ሲያጥብ፣ ወንዱ ግንድ ሲጎትት።»

ጀማል ጣልቃ ገብቶ «በዘመቻ ነው የተሠራው፤ ለዞኑም ሪፖርት አድርገናል፤ ከነፎቶው» አለ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ «ምን ዓይነት ደንቆሮዎች ናችሁ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የሴትዮዋን መዳፍ እንደገና ሳይ ዘጋሁት። ደንቆሮዋ ደብዳቤ የጻፈችው ናት።

ቢሆንም ሥራዬን ሠራሁ። አሲድነቱን ስለካ መለኪያው ከለመድኩት ወጥቶ ወደ ላይ ሄደ፤ ቁጥሩ ሲወጣ አሲዱ ወረደ ማለት ነው፤ ኖራው እየታጠበ ይገባል። መረቡን ተከልኩ፣ ረገጥኩ፣ ትሪውን ገለበጥኩ። ሰዉ ክብ ሠርቶ ከበበኝ። ትሪው ላይ አሸዋ ነበር፤ ከአሸዋው መሐል አራት ቀይ ትል ሲወራጭ ታየ። ሌላ ምንም የለም። ወደ ላይ ወጥቼ ደገምኩት፤ ያው ነው። ሦስተኛ ደገምኩት።

ሐጂ ሙዘይን ትሪውን ጎንበስ ብለው አዩና «ስንት ማርክ አገኘን?» አሉ።

«ያቺ ቤቷን የምትሸከመዋስ?» አሉ ቀጥለው።

«ታጥባ ሄዳለች ሐጂ።»

«ማን አጠባት?»

ሐጂ ሴቶቹንም፣ የተከመረውን ግንድም፣ ኖራውንም ዞረው አዩ። ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከተከመረው ግንድ በአንዱ ላይ ተቀመጡ። «እኛ ነና» አሉ።

«እኔ ነኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጫካውስ?»

«ደካማ ከተባለ ካባው ይገባል።»

እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ አባቴ እዚያ ውስጥ ናቸው። እናቴም። ሁለት ልጆቼም አሉ። ድንጋይ አውጪው መጥቶ በዲናሚት...» አልጨረሱትም። አልለመኑኝም። ይለምኑኝ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢለምኑኝ እምቢ ለማለት ይቀለኝ ነበር።

ስንመለስ ሽኩር «እትዬ ሙሉ፣ አንድ ቃል እኮ ናት። 'ጥሩ' ብለው ቢጽፉ ማን ይሞታል?» አለ። «አንተ ንዳ» አልኩት።

ቅጹ ላይ «ደካማ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ በአስተያየት መስጫው ላይ «ወንዟ ከግምገማው በፊት በቀበሌው ዘመቻ በሽቦ ቡሩሽ ታጥባለች፣ ቅጠልና ግንዷ ተነስቷል፣ ዳሯ ኖራ ተቀብቷል፤ ውጤቱ የጫካውን ሁኔታ አያሳይም፤ በሚቀጥለው ዓመት ይደገም» ብዬ ጨመርኩበት። ሥራዬን በአግባቡ ሠርቻለሁ ብዬ አቶ ተካልኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ አስጠሩኝ። በአንድ እጃቸው የኔን ቅጽ፣ በሌላው የጀማልን ፎቶ ይዘዋል። «ይህ ዘመቻ እኮ የዞኑ አፈጻጸም ውስጥ ገብቷል። ለክልልም ሄዷል። አንቺ ደግሞ ወንዙን ዘመቻው ገደለው ትያለሽ። ይቺን አስተያየት አውጫት።»

«ካወጣኋት 'ደካማ' የምትለው ብቻዋን ትቀራለች። ጫካው ይሄዳል።»

«እሱን ላንቺ ነው የምተወው» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወይም ደግሞ 'ጥሩ' በይው። ደብተርሽ ላይ ያለው እውነት ነው አይደል? ያው ወንዝ ነው። ጫካው ይተርፋል፣ ሽማግሌው ይተርፋሉ፣ ዘመቻውም ይተርፋል። ማን ይጎዳል?»

እኝህ ሰው ሁሉንም ሰው በአንድ ወረቀት ማስደሰት ይችሉ ነበር። ለዚህ ነው ሹመት የሚሰጣቸው።

ሁለት ቀን አሰብኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ አዲስ ቅጽ ወስጄ፣ ከድሮ ደብተሬ ላይ እየገለበጥኩ፣ ከዘመቻው በኋላ ወንዟን የገመገምኩበትን ቀን ጽፌ ሞላሁት። ባለ ሦስት ጭራ፣ አለ። ጎጆ ተሸካሚ፣ አለ። ሸርጣን፣ አለ። «ጥሩ።» ፈረምኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ሻይ ነበረች። ያቺ ቅጽ ጭቃ አልነካትም፤ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ተቀብላኝ «የማን ናት?» አለችኝ።

ኮሚቴው ካባውን ከለከለ። ሐጂ ሙዘይን ስልክ ደወሉ። «አላህ ይስጥሽ ልጄ። እንዴት እንደሆነ አልጠይቅሽም» አሉ። ባይጠይቁኝም ያውቃሉ። እኔም ለራሴ አንድ ጊዜ ነው፣ ለደግ ነገር ነው አልኩ። ከማኪያቶ ባልደረቦቼ የምለየው በዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። እነሱ ለስንፍና ነው የሚዋሹት፤ እኔ ለጫካ። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለየወረዳው የሚበተን ሰርኩላር ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ርዕሱ «የወንዝ ጽዳት ምርጥ ተሞክሮ» ይላል። የጀማል ፎቶ አለበት፤ ነጫጭ ድንጋይ፣ የተወጠረ ጨርቅ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ በዘመቻ ቅጠሉ ተለቅሞ፣ ድንጋዩ ታጥቦ፣ ዳርቻው ኖራ የተቀባው ወንዝ ከጽዳቱ በኋላ በባለሙያ ተገምግሞ ጤንነቱ ጥሩ መሆኑ ተረጋግጧል። ባለሙያዋ ወይዘሮ ሙሉነሽ። ስለዚህ ሁሉም ወረዳዎች በተመሳሳይ መንገድ እንዲፈጽሙ።

ቅጹ ላይ የጻፍኩትን ቀን አላሰብኩትም ነበር። ከዘመቻው በኋላ ያለ ቀን ጽፌ «ጥሩ» ስል፣ ዘመቻው ወንዝን ያድናል ብዬ መመስከሬ ነው። ይህን ያህል ዓመት ወረቀት ስሞላ የኖርኩ ሰው፣ ይህ አልታየኝም።

አቶ ተካልኝ ዘንድ ገባሁ። «አስቁሙት፤ ያ ቅጽ ውሸት ነው።»

አልተቆጡም። «ውሸት ከሆነ በደብዳቤ ጻፊልኝ። ውሳኔው በቅጹ ላይ ነው የተመሠረተው፤ ይነሳና ኮሚቴው እንደገና ያየዋል። ባለሀብቱ አሁንም ይፈልጋል» አሉ። ወረቀት አውጥተው ፊቴ አስቀመጡልኝ። እስክሪብቶም ሰጡኝ።

አልጻፍኩም። ወጣሁ። ሁሉም ወረዳ ሬክና የሽቦ ቡሩሽ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። በየመንገዱ ሳልፍ ነጫጭ ድንጋይ አያለሁ። በየዳርቻው የተከመረ ግንድ አያለሁ፤ ለማገዶ ይሸጡታል። ወንዞቹን እገመግማለሁ፤ «ደካማ» እላለሁ። ቢሮው ደግሞ «ጽዳቱ ስላልተጠናከረ ነው» ብሎ ይደግምላቸዋል። አንዴ የታጠበ ወንዝ ሁለቴ ይታጠባል። ይህን ሁሉ ዝም ብዬ አየሁ፤ የሐጂን ጫካ እንደ ሰበብ ይዤ።

ሁለት ክረምት ጠበቅሁ። ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ደብዳቤ ሳልጽፍ፣ ዓመት ዕረፍቴን ወስጄ፣ በሕዝብ መኪና ቡታጅራ ወረድኩ። ሐጂ ሙዘይን ከሄድኩበት ቀን ጀምሮ ማንንም ወንዟን አላስነኩም። ጎርፉ ኖራውን አጥቦታል፤ ቅጠሉ ተመልሶ ረግፏል፤ ከላይኛው ጫካ አዲስ ግንድ ወድቋል። ከማይደረስበት ከላይኛው ገደል እየተንሳፈፉ የመጡት ነፍሳት ድንጋዩ ሥር ገብተዋል። እንደ ድሮው አልሞላም፤ ግን «ጥሩ» ነው። አራት ቦታ ለካሁ፤ በአራቱም ጥሩ ነው።

ያን ጊዜ ደብዳቤውን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቅጽ ከደብተር የተገለበጠ ውሸት ነው፤ ወንዟ በዘመቻው ሞታ ነበር፤ የዳነችው ሰው እጁን ስላነሳላት ነው፤ የሁለተኛው ውጤት ይኸው፤ በየወረዳው ያለው ጽዳት በአስቸኳይ ይቁም አልኩ። ጫካው በእውነተኛ ውጤት ተረፈ፤ እኔ ደግሞ በዲሲፕሊን ተከሰስኩና ከመስክ ሥራ ተነስቼ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደብኩ። ይህ ተገቢዬ ነበር። ስለ ጽዳቱ የሰጡኝ መልስ ግን አንድ መሥመር ነው፦ «የዓመቱ ዕቅድ የጸደቀ በመሆኑ አስተያየቱ ለወደፊት ይታያል።» ጡረታዬን ከግምጃ ቤቱ ወጣሁ።

ባለፈው ዓመት አታት ሆስፒታል የተኛች ጎረቤቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ስመለስ መኪና እስኪሞላ በእግሬ ወረድ ስል አንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር ሴቶች ተደርድረው ድንጋይ ያጥባሉ። ጎንበስ ብዬ አንድ ድንጋይ አነሳሁ። ሥሩ እንደ ሳህን ጸድቷል።

«ምነው እህቶቼ፣ ለምን ታጥቡታላችሁ?» አልኩ።

አንዷ ቀና አለች። «ለወንዙ ጤና ነው እማማ። ሲታጠብ ይድናል።»

«ማን አላችሁ?»

«ባለሙያ ናት ያለችው። መርምራ ያረጋገጠችው ሙሉነሽ የምትባል ሴትዮ አለች አሉ።»

«ሙሉነሽ ዋሽታ ነው» አልኳት። «ተዉት፤ ድንጋዩን እንደነበረ ተዉት።»

ሴቶቹ ተያዩና ሳቁ። «እርስዎ ከባለሙያዋ ያውቃሉ እንዴ እማማ?» አለችኝ፤ ቡሩሿንም ወደ ውሃው መለሰች።

ከእኔ በኋላ ለምትመጡት የምነግራችሁ ይህንን ነው። ቅጽ ላይ ያየኸውን ብቻ ጻፍ። ለደግ ሰው ብለህም ቢሆን ያላየኸውን አትጻፍ። አንዴ ከፈረምህ በኋላ ወረቀቱ የት እንደሚሄድ የምትወስነው አንተ አይደለህም።